በፍልሰታ ከቅጽሩ ውጭ

በጋፋት ግድም አንድ ሰው ለቅዳሴ መጥቶ ከቅጽሩ በር ውጭ ከቆመ «ምነው፣ ለምን አትገባም?» ብሎ የሚጠይቀው የለም። መጠየቅ ነውር ነው። ታዲያ አይጠየቅም ማለት አይታማም ማለት አይደለም። ሴት ከሆነች ነገሩ የታወቀ ነው፤ የወር አበባዋ ነው፣ ያልፋል። ወንድ ሲሆን ግን፣ ያውም በፍልሰታ፣ ያውም የቆረበ ሽበታም ሲሆን፣ አገሩ አንድ ምክንያት ብቻ ነው የሚያውቅለት። ያንን ምክንያት ጮክ ብሎ የሚናገር የለም፤ ግን ሁሉም ያውቀዋል፣ ወይም ያወቀ ይመስለዋል።

ሙላቴ በፍልሰታ የመጀመሪያው እሑድ ከበሩ ውጭ፣ ከወይራው ሥር የቆመው ይኼን ሁሉ እያወቀ ነው። ነጠላዋን አጣፍታ ቀድማው የገባችው ሚስቱ አሰለፈች ከኋላዋ ኮቴው ሲጠፋባት ዞር አለች። አየችው። እሱ ጭቃውን አየ። ከእሷ ኋላ ይመጡ የነበሩት ሴቶችም የምታየውን አዩና ምንም እንዳላዩ ሆነው አለፏት። አሰለፈች ትንሽ ቆመች፤ ከዚያ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ገባች። ወዲያው ዝናቡ ጀመረ።

ሁለቱ የተጋቡት እንደ አገሩ በሰማንያ ነው። ልጆች ወልደው፣ ድረው፣ ቤቱ ጭር ሲልባቸው፣ «እንግዲህ ምን ቀረን» ብለው አብረው ቆረቡ። የቆረቡ ባልና ሚስት አይፋቱም። አንዳቸው ሌላ ሰው ከነካ ግን ኪዳኑ ፈረሰ፣ አለቀ። አሰለፈች ይኼን ነገር ከነፍሷ ጋር ነው ያሰረችው። በየዓመቱ ፍልሰታን ይጾሙና በመፍቻው ቀን ተከታትለው ይቀበላሉ። ሙላቴ፣ እግዜር ይቅር ይበለውና፣ ከቁርባኑ እኩል ደስ የሚለው ከቅዳሴ መልስ የሚያየው የሚስቱ ፊት ነበር። በዚያ ዕድሜዋ እንደ ልጃገረድ ፊቷ ፈካ ይላል። ዘንድሮ ያ ፊት ከዝናቡ ጋር ጥቁርቁር ብሎ ነው ወደ ቤት የተመለሰው። አንድ ነገር ብሎ ሊያጠራው ይችል ነበር፤ ያን አንድ ነገር ማለት ነው ያቃተው።

ነገሩ የጀመረው በሽንት ነው። ካለፈው መስከረም ወዲህ ሙላቴ ሌሊቱን ሙሉ በር ሲከፍትና ሲዘጋ ያድር ጀመር። መጀመሪያ መጀመሪያ ውሻው ይጮኽበት ነበር፤ በኋላ እሱም ሰለቸውና ተወው። ይወጣል፣ ብርዱ ውስጥ ቆሞ ይጠብቃል፣ ጠብ ጠብ ይላል፣ ይመለሳል፤ ገና ሳይሞቀው እንደገና ይወጣል። በሽታ ይበላዋል እንጂ ለማን ይነግራል? የነገረው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ደብረ ታቦር ገበያ ላይ ጨርቅ ለሚሸጠው ለይማም። ከጎረምሳነት ጀምሮ ወዳጆች ናቸው፤ የይማም ልጆች ሲዳሩ ሙላቴ ድንች በጭነት ልኳል፣ ሙላቴ አባቱን ሲቀብር ይማም ሱቁን ዘግቶ ድንኳን ውስጥ ሰንብቷል።

«እኔም እንዳንተው ነበርሁ» አለው ይማም፣ አቡጀዲውን እየጠቀለለ። «ፕሮስቴት ይሉታል። ሽንት መውጫው ላይ ያለች ዕጢ ናት፤ ስታረጅ ታብጣለች። ደህና እብጠት ሁና ትቀራለች፤ ክፉም ልትሆን ትችላለች። እሱን የሚለየው ምርመራ ባሕር ዳር ነው ያለ። እኔ እወስድሃለሁ።»

«ምን ያደርጉኛል?»

ይማም ጨርቁን ማጠፍ ያዘ። «ናሙና ይወስዳሉ» አለ። በየት በኩል እንደሚወሰድ አልነገረውም። ነግሮት ቢሆን ኖሮ ሙላቴ ወረታ ላይ ወርዶ በእግሩ ይመለስ ነበር፤ ይማም ይኼን ስለሚያውቅ ነው ዝም ያለው።

ሐኪሙ ልጅ እግር ነው። አጠገቡ የቆመችው ነርስ ደግሞ እብናት የተዳረችው የልጁ የዓይናለም እኩያ ናት። «አባባ፣ በግራ ጎንዎ ይተኙ። ጉልበትዎን ወደ ደረትዎ ይሰብስቡ» አሉት። ሙላቴ ከእናቱ ሆድ ከወጣ ወዲህ እንደዚያ ተኝቶ አያውቅም። በመቀመጫው በኩል ሊገቡ መሆኑ ሲገባው መነሣት ፈለገ፤ ግን ሱሪው የለም፣ ሱሪ የሌለው ሰው ደግሞ ተነሥቶ የት ይሄዳል? ግድግዳው ላይ ዓይኑን ተከለ። የማደንዘዣው መርፌ አቃጠለው። ከዚያ ጥይት የሌለው ጠመንጃ ቃታው ሲሳብ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ መጣ፤ ቀጭ! ከድምፁ ጋር ሆዱ ውስጥ አንድ ነገር ይቆነጥጠዋል። ቀጭ! እንደገና። ቀጭ! መቼ እንደሚያበቃ አያውቅም። በወጣትነቱ በሬ ወግቶት ኡፍ ያላለ ሰው ነው፤ ሕመሙንስ ቻለው። ያልቻለው ያቺ ልጅ እጁን ይዛ «አይዞዎት አባባ፣ ደረስን» ስትለው ነው። በዚያች ሰዓት መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ይለው ነበር።

ሲያበቃ ሐኪሙ ወንበር ስቦ ረጋ ብሎ አስረዳው። «ለጥቂት ሳምንታት ከሽንትዎም ከሰገራዎም ጋር ደም ሊያዩ ይችላሉ። በዘር ፈሳሽም ጭምር። አይደንግጡ፣ የሚጠበቅ ነው። ውኃ በብዛት ይጠጡ። ይኼን ኪኒን ጠዋትና ማታ፣ ሳያቋርጡ ይጨርሱ። ብርድ ብርድ ካለዎት፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ወይ ደግሞ ሽንት እምቢ ካለዎት ግን፣ አይደሩ፤ ያኔውኑ ቅርብዎ ወዳለ ሐኪም ቤት ይሂዱ። የምርመራው ውጤት ሲደርስ በስልክ እንጠራዎታለን።»

ሙላቴ ሁሉንም ሰማ፣ አንገቱን ነቀነቀ። ጭንቅላቱ ውስጥ የቀረችው ግን «ደም» የምትለዋ ነበረች።

መልስ ላይ በአውቶቡሱ ወንበር አንድ ጊዜ በግራ፣ አንድ ጊዜ በቀኝ ጎኑ እያጋደለ ተቀመጠ። መንገዱ በጎደጎደ ቁጥር ጥርሱን ይነክሳል። ይማም ከአንገቱ ፎጣውን አውልቆ፣ አጣጥፎ አነጠፈለት።

«የኔ ጊዜ እስከ ወረታ ድረስ ቁሜ ነው የሄድሁ» አለው። «ረዳቱ ‹ወንበር አለ ተቀመጡ› ቢለኝ፣ ‹ተወኝ፣ አገር እያየሁ ነው› አልሁት።»

ሙላቴ ሳቅ አለ፤ ሳቁ ራሱ ታች ድረስ አመመው። ከዚያ የይማምን ክንድ ያዘ። «ለማንም እንዳትናገር። ማልልኝ።»

«ወላሂ አልናገርም። ለአሰለፈችስ ምን ልትላት ነው?»

«ወገቤን ነው እላታለሁ።»

«ለምን አትነግራትም? ሚስትህ አይደለች?»

«ሚስቴ ስለሆነችማ ነው» አለ ሙላቴ። ሌላ ሰው ቢስቅበት ይስቃል፣ ይረሳል። አሰለፈች ግን ያንን አተኛኘት አንዴ ካሰበችው ሁልጊዜ ስታየው የምታየው እሱን ይመስለዋል። አርባ ዓመት አብራው ስትኖር ደክሞ እንጂ ተዋርዶ አላየችውም። ፈራ፣ በቃ።

ወገቤን ነው ያለ ሰው ደግሞ የወገብ ሕክምና ያገኛል። አሰለፈች በማግስቱ ወጌሻውን ዘውዱን አስጠርታ ጠበቀችው። ዘውዱ እጁ ድንጋይ ነው። በኑግ ዘይት አድርጎ ከትከሻው ጀምሮ እስከ ታች፣ እዚያው መከራው ያለበት ቦታ ድረስ አሸው። ሙላቴ ሲቃትት «ይኸውላችሁ፣ ይቺ ናት ከቦታዋ የተናጋችው!» ብሎ እዚያው ላይ ጉልበቱን ጨመረ። ጠያቂውም ከደጅ አልጠፋም። ሰው ከሐኪም ቤት መጣ ሲባል ቤቱ ይሞላል፤ ጠያቂ ሲመጣ ደግሞ ተኝቶ መቀበል አይቻልም፣ ተነሥቶ መደቡ ላይ መቀመጥ ነው። መደቡ ጭቃ ነው፣ እንደ ድንጋይ የደረቀ። «እግዜር ይማርህ፣ ምንህን ነው?» «ወገቤን።» «ወይ ወገብ! አደራ ተቀመጥ እንጂ እንዳትቆም!» ይሉታል። እየተቀመጠ ያመሰግናቸዋል።

ደሙ ሐኪሙ እንዳለው መጣ። ሽንቱ ሥጋ እንደታጠበበት ውኃ ቀላ፤ አንዳንዴ የረጋ ነገር አብሮ ይወጣል፣ ሲወጣም ያቃጥላል። ሙላቴ የሚደማ ሰው ወደ ቤተ መቅደስ እንደማይገባ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃል፤ ስለዚህ ገና እሑድ ሳይደርስ ከበሩ ውጭ እንደሚቆም ለራሱ ነግሮታል። ይኼን ያህሉን አስቦበታል። ያላሰበበት ኪኒኑን ነው።

ኪኒኑ ጠዋትና ማታ ነው። ፍልሰታ ደግሞ ሕፃን እንኳ ቅዳሴ ሳይወጣ እህል ውኃ የማይቀምስበት ጾም ነው። ሙላቴ በዕድሜው በፍልሰታ ጠዋት ውኃ ጠጥቶ አያውቅም። አሰለፈች ምጣድ ላይ ለማታ የሚሆን ገብስ እየቆላች፣ እሱ ፊቷ ቆሞ ኪኒን በውኃ ቢያወራርድ ምን ሊላት ነው? ለወገብ ተብሎ ጾም አይፈታም። እና ጠዋት ጠዋቱን ተወው። «ማታ እወስደዋለሁ፤ እግዜር የጎደለውን ይሞላዋል» አለ። ውኃውንም እንዲሁ። ሐኪሙ በብዛት ጠጣ ብሎታል፤ እሱ ማታ ከድንቹ ጋር አንድ ጣሳ ይጠጣል፣ ይተኛል። እንዲህ ሲያደርግ የመድኃኒቱን ግማሽ ማጉደሉ አልታወቀውም። ጾም ደግሞ አይከሰስም፤ ጥፋቱ የጾሙ ሳይሆን ጾሙን መሸሸጊያ ያደረገው የሙላቴ ነው።

ረቡዕ ዕለት፣ ሰው ሁሉ ጤፍ አረም ላይ ሳለ፣ የቆሸሸ ሱሪውን በጋቢው ጠቅልሎ ወደ ወንዝ ወረደ። ከድንጋይ ኋላ ተደብቆ፣ እንደማያውቅበት እያሸ እያሸ ሲያጥብ፣ ውኃ ልትቀዳ የመጣችው ጎረቤታቸው የሺ ከላይ ቆማ አየችው። ወንድ ልጅ፣ ያውም ሚስት ያለችው፣ ያውም በሥራ ቀን፣ ተደብቆ ሱሪ ሲያጥብ! የሺ እንስራዋን ሞላች። ቀጥ ብላ አሰለፈች ዘንድ ሄደች።

«እትየ፣ አያ ሙላቴን ወንዝ አየሁት» አለች። «ልብስ ያጥባል። እኔ ምንም አላልሁም። ብቻ ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ነው።»

አሰለፈች «እኔ ነኝ እጠብ ያልሁት» አለቻት። የሺ ከወጣች በኋላ ግን ምድጃው አጠገብ ቁጭ አለች። ባሕር ዳር ሄደ። ሲመለስ ሰው መሆን አቃተው። ወደ አልጋው ስትጠጋ ይሸሻታል። ከቅጽሩ ውጭ ቆመ። ሱሪውን ደብቆ አጠበ። ሴት ልጅ ከዚህ በላይ ምን ትጠብቃለች?

ያን ቀን ማታ ድንቹን አቀረበችለትና አብራው አልተቀመጠችም። በማግስቱም። ሙላቴ እንደተጠረጠረ ገባው። ሲገባው መጀመሪያ ተናደደ፤ አርባ ዓመት ኖራ እንዴት እንዲህ ታስበኛለች ብሎ። ቀጥሎ ንዴቱም ደከመው። ሁሉ ነገር ደክሞት ነበር፤ መቀመጡ፣ መነሣቱ፣ መሽናቱ፣ መዋሸቱ። ድንቹን ላጠ።

ዓርብ ጠዋት ማሳው ላይ አረም እየነቀለ ሳለ ብርድ መጣ። የነሐሴ ብርድ አይደለም፤ ያን ያውቀዋል። ይኼኛው ከአጥንቱ ውስጥ ነው የተነሣው። ጥርሱ ተንገጫገጨ፣ እጁ የያዘውን አረም መጣል አቃተው። ጎን ያለውን እርሻ የሚያርመው ይሻው ሮጦ መጥቶ ደገፈው፣ እየጎተተ ቤት አደረሰው። «ምች ነው» አለ ይሻው። አሰለፈች ከጓሮ ዳማከሴ ቀጥፋ ጨመቀች፣ አጠጣችው፣ ግንባሩንም ቀባችው። ጋቢ ላይ ጋቢ ደረበችበት። ብታኮርፍም እጇ አላኮረፈም። እሱ ግን መንቀጥቀጡ ሲያቆም እንደ እሳት ነደደ፣ እሳቱ ሲበርድ እንደገና ተንቀጠቀጠ። ሽንቱ ደግሞ ይመጣል ይመጣልና አይወጣም። እምብርቱ ሥር እንደ ቅል ተወጠረ። ይሻው ወደ ማሳው ሲመለስ፣ ቀኑ ገና እኩል አልሆነም ነበር።

የሐኪሙ ድምፅ አሁን ተሰማው፤ አይደሩ፣ ያኔውኑ። 

«አሰለፈች» አለ። «ይማምን ጥሪልኝ።»

ያጣጠፈችውን ጋቢ ጣለችው። «ይማምን? ባሕር ዳር ይዞህ የሄደውን? የልብህን የሚያውቀው እሱ ነው? እኔ ማን ነኝ እዚህ ቤት?»

«ጥሪልኝ ብቻ። እሱ ይነግርሻል።»

«ሌላ ሰው እንዲነግረኝ አልፈልግም! ስማኝ፣ ሙላቴ። ቄስ እሸቴን አስጠራለሁ። የሠራኸውን ለንስሐ አባትህ ንገር። እኔ የዚያኑ ቀን ልጄ ዘንድ፣ እብናት እሄዳለሁ። ከአንተ ጋር አልቆርብም። ከአንተ ጋር አልቀበርም።» ድምፅዋ እዚህ ላይ ተሰበረ። «ማን ናት? እሷን ብቻ ንገረኝ። ማን ናት?»

ሙላቴ ሊናደድ ፈለገ፤ አቅም አጣ። የሚሞት መሰለው። ሞቱ አላስፈራውም፣ ደክሞት ስለነበር። ያስፈራው አሰለፈች ይህን አምና መቅበሯ ነው። እሱ ጉድጓድ ውስጥ ተኝቶ፣ እሷ እላይ ቆማ «ማን ነበረች?» ስትል አየ።

«ሴት የለችም» አለ። «ደም ነው።»

«የምን ደም?»

«ይደማኛል። ከሽንቴ ጋር። ወገቤን አይደለም፤ ዋሽቸሻለሁ። ባሕር ዳር መርፌ አስገብተው ሥጋ ቆርሰው ወሰዱ።» 

«ከየት?»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «በመቀመጫየ በኩል» አለ። «ሱሪየን አስወልቀው፣ እንደ ሕፃን አጣጥፈው አስተኝተው። የዓይናለም እኩያ ልጅ እጀን ይዛኝ። ደም ስለሆነ ነው ያልገባሁት፣ አሰለፈች። ሱሪየንም ለዚያ ነው ያጠብሁት። ኪኒን ሰጥተውኝ ነበር፤ በጾም ጠዋት አልወስድም ብየ ተውሁት። ብርድ ብርድ ካለህ አትደር ብለውኛል። አሁን ሽንቴም እምቢ አለኝ።»

ሙላቴ ፊቷን ለማየት አልደፈረም። አሰለፈች ትከሻውን ይዛ ወደ ራሷ ገለበጠችው፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ ቁጣዋ ደግሞ ከእንባዋ በላይ ነበር።

«ይኸን አፍረህ ነው? ይኸን አፍረህ ነው ልትሞትብኝ የነበር?»

«በሽታውን የደበቀ...» ብሎ ሊጀምር ነበር።

«ዝም በል! አሁን ተረት ልትተርትልኝ ነው?»

በሩ ላይ ወጥታ «ኧረ የሰው ያለህ!» ብላ ጮኸች። ከየማሳው ወንዱ ተጠራርቶ መጣ፤ ቃሬዛው ከቤተ ክርስቲያኑ እስኪመጣ ለይማም ደወለች። «ይማም፣ አውቄዋለሁ፤ መኪና ይዘህ መንገዱ ላይ ጠብቀን» አለችው፤ ሌላ ሐተታ አልጨመረችም። ጭቃው ጉልበት ይውጥ ነበር። ቃሬዛው በተንገጫገጨ ቁጥር ሙላቴ ይጮኻል፤ አሰለፈች ከጎኑ ባዶ እግሯን እየሮጠች ተሸካሚዎቹን «ቀስ በሉ እንጂ! ታች ነው ያመመው!» ትላቸዋለች። የሰማ ሰማ። መንገዱ ዳር ይማም ከባጃጅ ጋር ቆሞ ጠበቃቸው፤ ፎጣውን አጣጥፎ ወንበሩ ላይ አንጥፎታል።

ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት የተቀበላቸው ሐኪም ሕመሙ በምን እንደጀመረው ሲጠይቅ ሙላቴ ወደ ሚስቱ ዞረ። የመለሰችው አሰለፈች ናት፤ ናሙናውን፣ በየት በኩል እንደሆነ፣ ደሙን፣ ኪኒኑን፣ ሁሉንም፣ የገበያ ዋጋ እንደምትናገር አድርጋ ተናገረችው። ሙላቴ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማት። የፈራው ቃል ከእሷ አፍ ሲወጣ እንዲህ ቀላል መሆኑ ገረመው።

«መድኃኒቱን በትክክል የወሰደም አንዳንዴ ያመዋል፣ እናቴ» አላት ሐኪሙ። «የሳቸው ግን ጠዋት ጠዋት ተቋርጧል፣ ውኃም አልጠጡም። ወደ ደም የገባ ኢንፌክሽን ነው፤ ቢያድር ኖሮ መመለሻው ይከብድ ነበር።» በክንዱ ግሉኮስና መድኃኒት አስገቡለት። የሽንት ቱቦም አደረጉለት። ሲያስገቡት አመመው፤ ገብቶ ሽንቱ መውረድ ሲጀምር ግን እንዲህ ያለ ዕረፍት በዕድሜው አላገኘም። አለቀሰ። አሰለፈች እግሩ ሥር ተቀምጣ ነበርና በነጠላዋ ጫፍ ዓይኑን ጠረገችለት። «ያቺ ልጅ የያዘችህ በየትኛው እጅህ ነው?» አለችው። አሳያት። ያንን እጁን ይዛ አመሸች።

ፍልሰታ ሲፈታ ሐኪም ቤት ነበሩ። በዚያ ዓመት ሳይቀበሉ ቀሩ።

ወደ ቤት የተመለሱት ከነቱቦው ነው። ሐኪሙ ዕጢው እስኪበርድ ለጥቂት ሳምንታት ይቆይ ብሏል። ሽንቱ አንዳንድ ቀን ይጠራል፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ይቀላል። ከባሕር ዳርም ገና አልተደወለም፤ ስልኩን አሰለፈች በጡቷ ሥር ይዛው ትዞራለች፣ ሲደወል አብረን ነው የምንሰማው ብላለች። ኪኒኑን ጠዋት ጠዋት በጣሳ ውኃ ትሰጠዋለች፣ ሲውጥ ቆማ ታያለች። የቆሸሸ ልብሱን ሊደብቅ ሲሞክር ነጥቃ ወሰደችበት፣ ወንዝ ወርዳ የሺ አጠገብ ቁጭ ብላ አጠበችው። «ባሌ ይደማል፣ የሺ» አለቻት። «ከየት እንደሆነ ማወቅ ከፈለግሽም እነግርሻለሁ።» የሺ አልፈለገችም።

ጳጉሜን ሦስት፣ የሩፋኤል ዕለት፣ ሙላቴ ቤተ ክርስቲያን ልሂድ አለ። ቄስ እሸቴ ቤቱ ድረስ መጥተው «ሕመም ኃጢአት አይደለም፤ ደሙ እስኪቆም ብቻ ታገሥ» ብለውት ሄደዋል። የሽንት ከረጢቱን ከጋቢው ሥር ይዞ፣ እግሩን እየጎተተ ደረሰ። ከወይራው ሥር ቆመ። አሰለፈች ነጠላዋን አጣፍታ ወደ በሩ ሄደች። ሴቶቹ እየገቡ ነው፤ መንገድ ለቀቁላት። እሷ በሩን ተሳለመችና ተመልሳ መጣች።

«ግቢ እንጂ» አላት። «አንቺ ምን አለብሽ?»

«እዚህ ጋ አትቁም፣ እዚህ ያንጠባጥባል» አለችው። ክንዱን ይዛ ከግንዱ ወዲያ ወሰደችው፤ ከካቡ ጥግ ለጥ ያለች የድንጋይ መቀመጫ ነበረች፣ ቅርንጫፉ በላይዋ እንደ ጣሪያ የወረደ። «እዚህ ነው ደረቁ። ሲደክምህ እዚች ላይ አንድ ጎንህን ታሳርፋለህ። ቅዳሴውም ከዚህ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ እዚያ ማዶ ነፋስ ይወስደዋል።»

ሙላቴ ድንጋይዋን አየ። መሐሏ በመቀመጥ ብዛት ለስልሶ ነበር። «አንቺ ይኸን በምን አወቅሽ?»

«በምን አወቅሽ ይላል!» አለች። «ልጃገረድ ከሆንሁ ጀምሮ እስካርጥ ድረስ በየወሩ የት የምቆም ይመስልሃል? አንተ ከፊቴ ትገባ ነበር። አንድ ቀን ዙረህ አይተኸኝ አታውቅም። በክረምት፣ በብርድ፣ ሆዴን እየቆረጠኝ። ለእኔ ደም ማፈሪያ አልነበረም፤ ለአንተ ምን ሁኖ ነው ማፈሪያ የሆነው?»

አርባ ዓመት አብሮ ሲኖር ይቺን ድንጋይ አያውቃትም ነበር። አፈረ፤ ይኼኛው ግን የሐኪም ቤቱ ዓይነት እፍረት አይደለም። «አሰለፈች፣ አላሰብሁትም» አለ።

«አላሰብኸውም» አለች። ቁጣ አልነበረባትም። ከድንጋይዋ ገሚሱን ትታለት ተቀመጠች። 

«ግቢ በሞቴ። ዛሬ መቀበል ትችያለሽ።»

«አብረን ነው የቆረብን» አለች። «ስትድን አብረን እንገባለን። ባትድንም እዚሁ ነኝ።»

ከውስጥ ዜማው ተነሣ። ሰማዩ ከጉና በኩል ጠቆረና የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ወረዱ። ሕፃናቱ ከየቤቱ ልብሳቸውን እየጣሉ ወጡ፤ የሩፋኤል ዝናብ ጠበል ነው፣ በዚያ ቀን የሚጠለል የለም። ሙላቴ እንደ ልማዱ ወደ ግንዱ ሊጠጋ ሲል አሰለፈች ክንዱን ያዘችው። «ዛሬ አይሸሹትም» አለችው። ከደረቁ ቦታ ደግፋ አወጣችው፣ ከጋቢው ሥር ከረጢቱን ተቀብላ በራሷ እጅ ያዘችለት፣ የራስ ቆቡንም አነሣችለት። ሁለቱም ከቅጽሩ ውጭ፣ ዝናቡ ላይ ቆሙ።